አይቼ ያለፍኋት ቁጥር

ሰው ከስሕተቱ ይማራል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔም ይህንኑ ዐረፍተ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ አስፋፍቼ በመጻፍ መልካም ማርክ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን የቃሉ ትርጕም በእውነት የገባኝ ዘንድሮ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ቤታችንን የመዝገብ ቤት ኮምፒዩተር በገዛ እጄ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ጉዳዩን ብዙዎቻችሁ በወሬ ሰምታችኋል። ወሬውም እንደ ልማዱ ከእውነቱ እየራቀ ሄዶ፤ ጥፋቱን አንዳንዱ በቫይረስ፤ አንዳንዱም በመብራት መጥፋት ሲያመካኝ ሰንብቷል። ስለዚህ ታሪኩን ከባለቤቱ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቀረብሁ።

የመዝገብ ቤቱን ኮምፒዩተር የማያውቅ የትምህርት ቤታችን ልጅ ያለ አይመስለኝም። ትራንስክሪፕት ለመጠየቅ በመስኮቱ አጠገብ የቆመ ሁሉ ያየዋል። በአንድ ወቅት ነጭ የነበረ፤ አሁን ግን እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ የሆነ ሣጥን ነው። ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። የማዘርቦርዱ የራሱ የዲስክ ማገናኛ ከተበላሸ ብዙ ዓመት ስለ ሆነው፤ ሃርድ ዲስኩ የሚሰካው በኋላ በተጨመረ ኮንትሮለር ካርድ ላይ ነው። ኮንትሮለር ማለት በኮምፒዩተሩና በዲስኩ መካከል ቆሞ ቃል የሚያመላልስ ነው። ኮምፒዩተሩ «ይህ ቁጥር ካለው ቦታ አንብብልኝ» ወይም «በዚህ ቁጥር ላይ ጻፍልኝ» ሲል ትእዛዙን ለዲስኩ ያደርሳል። ካርዱ ራሱ ሥራውን የሚያውቀው በላዩ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ በተጻፈ ፕሮግራም ሲሆን፤ ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። አንባቢ ይህን ካርድ ልብ ይበልልኝ፤ የታሪኩ ዋና ባለጉዳይ እርሱ ነውና።

ባለፈው መስከረም የኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ዲስኩ 40 ጊጋባይት የሚይዝ ሲሆን፤ ከትምህርት ቤታችን ተምረው የወጡ የብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማርክ በውስጡ ተመዝግቧል። ዲስክ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲያሰማ ሊሞት መቃረቡ ስለ ሆነ፤ መዝገብ ቤት የሚሠሩት እናት ወደ አይ ሲ ቲ ክበባችን መጥተው፤ «ልጆቼ፤ ይህ ነገር ሳይሞትብኝ ድረሱልኝ» አሉን። ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር፤ ከመርዳት ይልቅ መታየትን ፈልጌ ነበር።

በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከተጣለ ሌላ ኮምፒዩተር 160 ጊጋባይት የሚይዝ፤ ማገናኛውም ከአሮጌው ጋር አንድ ዐይነት የሆነ ዲስክ አገኘሁ። በላቦራቶሪያችን ካለው አዲስ ኮምፒዩተር ጋር በዩኤስቢ አገናኝቼ፤ የአሮጌውን ዲስክ ይዞታ በሙሉ ገለበጥሁበት፤ የተረፈውንም ባዶ ቦታ ጨምሬ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አንድ ክፍል አደረግሁት። በማግሥቱ ወስጄ ካርዱ ላይ ሰካሁት፤ ኮምፒዩተሩም ያለ አንዳች ችግር ተነሣ።

ይህ ኮምፒዩተር ሲነሣ፤ ካርዱ የፈርምዌሩን ዘመንና የተሰካበትን ዲስክ መጠን በጥቁሩ ገጽ ላይ በነጭ ፊደል ይጽፋል። ጽሑፉ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ይጠፋል። እኔ ልብ አላልሁትም፤ እርሳቸው ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ልጄ፤ ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 160 ይላል፤ ይህ ግን 137 ብሎ ጻፈ። 23ቱ የት ሄደ?» አሉኝ።

እኔም ፈገግ ብዬ፤ «እትዬ፤ ዲስክ ሠሪዎች ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ብለው ይቈጥሩታል፤ ኮምፒዩተር ግን በ1,024 እያባዛ ስለሚቈጥር፤ ሁልጊዜ በዲስኩ ላይ ከተጻፈው አንሶ ይታያል» ብዬ መለስሁላቸው። ዊንዶውስ ከተከፈተ በኋላም የዲስኩን መጠን 149 ብሎ ቢያሳይ፤ «ይኸው አሁን ደግሞ 149 ሆነ፤ አያስቡ» አልኋቸው።

«እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ሦስት ዐይነት ድምር የሚሰጥ መዝገብ አልወድም» አሉና፤ አሮጌውን ዲስክ ከእጄ ተቀብለው በጨርቅ ጠቅልለው በቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቈለፉበት። «ይህማ ሊሞት የደረሰ ነው፤ ይጣል» ብላቸው፤ «አዲሱ እንስራ ውሃ መያዙ ሳይታወቅ አሮጌው አይሰበርም» አሉኝ።

ለእርሳቸው የነገርኋቸው ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር እንጂ። 160 ቢሊዮን ባይት በኮምፒዩተር አቈጣጠር ሲካፈል 149 ይመጣል፤ ስለዚህ 149 የተባለው ትክክል ነበር። 137 ግን ከዚህ ሒሳብ በምንም መንገድ አይገኝም። እርሳስና ቍራጭ ወረቀት ይዤ ባካፍለው ኖሮ፤ ይህን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አላካፈልሁም። በዚያው ሳምንት ርዕሰ መምህራችን በጧቱ ሰልፍ ላይ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ፤ ተማሪውም አጨበጨበልኝ። ከጭብጨባ በኋላማ ማን ያካፍላል?

ጥቅምት፤ ኅዳር፤ ታኅሣሥና ጥር በሰላም አለፉ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማርክም ተመዘገበ። እኔ ዲስኩ ሰፊ ነው እያልሁ በየቦታው ስለ ፎከርሁ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባሎች የምረቃና የስፖርት በዓላትን ቪዲዮ እያመጡ እዚያው ያስቀምጡ ጀመር። ቪዲዮ ደግሞ ቦታ የሚበላ ነገር ነው። በየካቲት ወር መጀመሪያ አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ቪዲዮ ገልብጠን፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ወጣን። ሰኞ ጧት ሲከፈት ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም የሚል አንድ መስመር ጽፎ ቆሞ ቀረ።

በዚያን ዕለት በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት የቀድሞ ተማሪ ተቀምጣ ነበር። ከአዲስ አበባ በመጀመሪያው አውቶቡስ የመጣች ናት። ትራንስክሪፕቷን በማግሥቱ ለሚቀጥራት መሥሪያ ቤት ካላቀረበች፤ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገረችን። እኔ ኬብሉን እነቅላለሁ፤ እሰካለሁ፤ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ኮምፒዩተሩን አጠፋለሁ፤ መልሼ እከፍታለሁ። እርሷ አንድ ጊዜ እኔን፤ አንድ ጊዜ የእጅ ሰዓቷን ታያለች። እንደዚያ ቀን የሰው ዓይን ከብዶኝ አያውቅም።

የአይ ሲ ቲ መምህራችን ተጠርተው ሲመጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «በቃ፤ ከእንግዲህ በዚህ ዲስክ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳትጽፍ» የሚል ነበር። የጠፋ ፋይል የሚገኘው በላዩ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ነውና። ቀጥሎም መዝገብ ቤት የሚሠሩት እናት ምንም ሳይናገሩ ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን አሮጌ ዲስክ አወጡ። በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አልተወም፤ ሁላችንም እንደ ታማሚ አስታማሚ ከበብነው። መምህራችን የማርኩን ፋይሎች ቶሎ ወደ ፍላሽ ገለበጡ፤ የእንግዳችንም ትራንስክሪፕት ከቀትር በፊት ታተመ። ልጅቷ ስትሄድ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወንድሜ» ብላ እኔን አመሰገነችኝ። ምስጋናው ለማን ይገባ እንደ ነበር እርሷ አላወቀችም፤ እኔ ግን ዐውቄ አንገቴን ደፋሁ። አሮጌው ዲስክ ደግሞ እስከ ጥቅምት ያለውን ብቻ ነው የያዘው፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማርክ በውስጡ አልነበረም።

መምህራችን «ከመበላሸቱ በፊት ያየኸው እንግዳ ነገር ነበርን?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልነበረም» አልሁ።

መዝገብ ቤት የሚሠሩት እናት አጠገባችን ቆመዋል። ቀና ብለው አዩኝ፤ ቃል ግን አልተናገሩም። ያ ዝምታቸው ከማንኛውም ተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ።

ማታ እራት አልበላ ብል አባቴ ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጥቂት አሰበና፤ «የዘይት መብራት ሲበራ ሾፌሩ በጨርቅ ቢሸፍነው ሞተሩ አይድንም። አሁንም የሸፈንኸውን ግለጠው» አለኝ። በማግሥቱ ደወል ሳይደወል መምህራችን ዘንድ ሄጄ 137 የሚለውን ቁጥር ማየቴን፤ ስለ እርሱም ተጠይቄ የሰጠሁትን መልስና በመጨረሻ መዋሸቴን ነገርኋቸው።

መምህራችን አልተቈጡም። ጠመኔ ሰጡኝና «2ን በ2 እያባዛህ እስከ 28ኛው ድረስ ሂድ» አሉኝ። 268,435,456 መጣ። «አሁን በ512 አባዛው» አሉ። አባዛሁት፤ ሰሌዳው ላይ 137,438,953,472 ተጻፈ። 137 ቢሊዮን! ለአራት ወር ስንቀው የኖርሁት ቁጥር በገዛ እጄ ጽሕፈት ፊት ለፊቴ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዐይነት ዲስክ ላይ ያለው ቦታ 512 ባይት በሚይዙ ትንንሽ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል ተራ ቁጥር አለው። በአሮጌው ደንብ ይህ ተራ ቁጥር የሚጻፈው በ28 የሁለትዮሽ አኃዞች ብቻ ስለ ነበር፤ ከ0 እስከ 268,435,455 ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ መቍጠር አይችልም። ቁጥሩን ወደ 48 አኃዝ ያሳደገው ኤቲኤ 6 የተባለው ደንብ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ካርድ ፈርምዌር ግን የ2000 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለዚህ ካርዱ «እኔ የማውቀው እስከ 137 ድረስ ነው» ብሎ በየጧቱ እውነቱን ይጽፍ ነበር። ዊንዶውስ 149 ያለው ደግሞ ዲስኩን ለክቶ ሳይሆን፤ እኔ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ያጻፍሁትን አንብቦ ነው።

ከወሰኑ ሲታለፍ ምን ይሆናል? የአሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር መቍጠሪያ 99,999 ላይ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ 00000 የሚሆነው የመጀመሪያው አኃዝ የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ነው። በእኛም ዲስክ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ቪዲዮው 268,435,456 በተባለው ቦታ እንዲጻፍ ሲታዘዝ፤ ትርፉ አኃዝ ተቈርጦ 0 ቀረ። በ0 ቁጥርና በአጠገቡ ያለው ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚነሣበትና የዲስኩ አከፋፈል የተመዘገበበት ቦታ ነው። የመጽሐፍን የመጨረሻ ምዕራፍ በማውጫው ላይ እንደ መጻፍ ያህል ነው። ዐርብ ዕለት እኛ እየሣቅን የስፖርት በዓሉን ቪዲዮ ስንገለብጥ፤ መዝገቡን ከራሱ ጀምረን እየፋቅነው ነበር።

ይህ ዐይነት ግድግዳ የመጀመሪያው አይደለም። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይ ቢ ኤም ራማክ የተባለው ኮምፒዩተር ዲስክ 50 ሳሕኖች ተደራርበውበት 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ይይዝ ነበር። ዲስኮች ከዚያ ወዲህ ሲያድጉ የቁጥሩ ደንብ እየጠበበ ሄደ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 528 ሚሊዮን ባይት ላይ፤ ቀጥሎም 8.4 ቢሊዮን ላይ ወሰን ታየ። በ32 አኃዝ በሚጻፈው በቀድሞው የዲስክ አከፋፈል ሠንጠረዥ ላይም ወደ 2.2 ትሪሊዮን ባይት ገደማ ሌላ ወሰን አለ። ዕቃውን የሠራ ሰው ሁሉ «ይህን ያህል ይበቃል» ይላል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ግን ይጠበዋል።

የካርዱ ሠሪ 48 አኃዝ የሚያውቅ አዲስ ፈርምዌር ከብዙ ዓመት በፊት አውጥቶ ስለ ነበር፤ ካርዱን መጣል አላስፈለገም። ነገር ግን ፈርምዌር መለወጥ ዳቦ እንደ መቍረስ ቀላል አይደለም። ለሌላ ካርድ የተሠራ ፈርምዌር ቢጫን፤ ወይም ሥራው ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ፤ ካርዱ የሚመራው ፕሮግራም አጥቶ ሙት ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ በቺፑ ላይ የታተመውን ቁጥር በአጉሊ መነጽር አንብበን ከፈርምዌሩ መግለጫ ጋር አስተያየን። ዲስኮቹን ሁሉ ከካርዱ ነቀልን። ፕሮግራሙ የሚሠራው በፍሎፒ ዲስክ ስለ ነበር፤ ከግምጃ ቤት አምስት ፍሎፒ አምጥተን አራቱ አልነበብ ብለው አንዱ ብቻ ታዘዘልን። የዩፒኤሱንም ባትሪ መሰኪያውን ነቅለን ፈተንነው።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ እኔ «እንጀምር» ብል፤ መምህራችን በዚያን ጧት መብራት ሁለት ጊዜ መጥፋቱን አስታውሰው ሥራውን ለማግሥቱ አሳደሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያን ጊዜ በልቤ ደገምሁት። በማግሥቱ በመጀመሪያ ነባሩን ፈርምዌር በፍሎፒው ላይ አስቀመጥን፤ ምናልባት መመለስ ቢያስፈልግ እንዲገኝ ነው። ከዚያ አዲሱን ጫንን። ሥራው አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ለእኔ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ረዘመብኝ። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፤ ዲስክ ሰክተን ስንከፍተው ካርዱ አዲስ ዘመን ጻፈ፤ ከሥሩም 160 አለ። መዝገብ ቤት የሚሠሩት እናት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፤ «23ቱ ተገኘ» አሉ።

ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። የካርዱ ድራይቨርም መታደስ ነበረበት። ዊንዶውስ ኤክስፒያችንም በ2001 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣ የቀረ ስለ ነበር፤ ትልልቅ ዲስኮችን የሚያስችለውን የ2002 እ.ኤ.አ. ሰርቪስ ፓክ 1 ጫንንበት። ከሦስቱ አንዱ እንኳ አሮጌ ሆኖ ቢቀር ወሰኑ እንደገና ይመለሳልና። ከዚያም አንድም የማርክ ፋይል ሳናስገባ፤ ዲስኩን ዋጋ በሌላቸው ቅጂዎች ከ137 በላይ ሞላነው። አጥፍተን ስንከፍተው ተነሣ፤ ከዳር ያሉትን ፋይሎች ከዋናዎቹ ጋር ስናስተያይ አንድ ሆኑ። እኔ በጥቅምት ወር ልሠራው ይገባኝ የነበረው ፈተና ይህ ነበር፤ የሚፈጀውም አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

የጠፋው የመንፈቅ ዓመት ማርክ በመምህራን ሮስተር ላይ በወረቀት ይገኝ ስለ ነበር፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ መልሼ ጻፍሁት። የክፍል ጓደኞቼ ሳልጠራቸው መጥተው አንዱ እያነበበ፤ አንዱ እየጻፈ፤ አንዱ እያመሳከረ ረዱኝ፤ ስለዚህም በዚህ መጽሔት ላይ አመሰግናቸዋለሁ። ርዕሰ መምህራችንንም በሰልፍ ላይ እንዲያመሰግኑኝ እንደ ፈቀድሁ ሁሉ፤ ጥፋቴንም በሰልፍ ላይ እንድናገር እንዲፈቅዱልኝ ለምኜ ፈቀዱልኝ። በዚያን ቀን ማንም አላጨበጨበም፤ ነገር ግን ከመድረኩ ስወርድ ቀሎኝ ወረድሁ።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርሁት ይህን ነው። አንደኛ፤ አዲሱ እስኪፈተን ድረስ አሮጌውን አለመጣል። ሁለተኛ፤ ያልገባኝን ነገር በሚመስል ምክንያት ከመሸፈን ይልቅ «አላውቅም፤ ልመርምረው» ማለት። ሦስተኛ፤ ጥያቄን በጠያቂው ዲግሪ አለመመዘን። ያን ቁጥር መጀመሪያ ያየችው ዓይን ኮምፒዩተር የተማረ ሰው ዓይን አልነበረችም፤ መዝገብን በአደራ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበረች።

አሮጌው ኮምፒዩተር ዛሬም በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ያገለግላል። የመዝገቡ ቅጂ ደግሞ በየሳምንቱ ዐርብ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ቅጂውን የሚወስደው ተማሪ እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ያቺን አንድ መስመር ጽሑፍ እስክትጠፋ ድረስ ቆሜ አነባታለሁ።